ዓይኑ የቀደመው ሥዕል

እሑድ ከማለዳው አንድ ሰዓት ላይ መረቡን ሊያነሣ የወጣ አሣ አጥማጅ ከደንገሉ መካከል አንድ ነገር ተንሳፍፎ አየ። የተጣለ ልብስ መስሎት በመቅዘፊያው ገፋ ቢያደርገው እጅ ወጣ። ሟቹ አምሐ ይባላል፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሠዓሊ ነው። ውሃው እዚያ ቦታ ላይ ከሰው ወገብ አያልፍም። ደቅ ደሴት ተወልዶ በእግሩ ሳይጠና መዋኘት የለመደ ሰው ከወገብ በማያልፍ ውሃ ውስጥ ሞቶ መገኘቱ ገና ከጅምሩ ሁሉንም ሊያስገርም ይገባ ነበር። ግን ማንንም አላስገረመም፤ ምክንያቱም ሥዕሉ ነበረ።

አምሐ ይሠራበት የነበረው ስቱዲዮ ጓሮው ከጣና ጋር የሚዋሰን አሮጌ ቪላ ነው። እዚያ ለልጆች የካርቱን ፊልም ይሠራል። ባለቤቱ አቶ ምናሴ ናቸው። አምሐ ገጸ ባሕርያቱን በኮምፒዩተር ይሥላል፤ ዳኘው የተሣሉትን ያንቀሳቅሳል፤ ጸሎት ደግሞ ድምፅ ትሰጣቸዋለች፣ ዛፍና ቤታቸውንም ትሥላለች። ፖሊስ እሑድ ጠዋት ሲገባ የአምሐ ኮምፒዩተር እንደበራ ነበር። ስክሪኑ ላይ በክብና በአራት ማዕዘን የተሠራ ቀላል ሰው ቆሟል። ራሱ ክብ፣ ደረቱ ሳጥን፣ እግሮቹ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ሰማያዊው ሞገድ እስከ ጉልበቱ ደርሷል። ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ለሚያየው ሁሉ ይሰናበታል። ፀጉሩ እንደ አምሐ የቆመ ነው፤ ሸሚዙም አምሐ የለበሰው አረንጓዴ ሸሚዝ ነው። ፋይሉ የተቀመጠው ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።

የመምሪያው አዛዥ ሥዕሉን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና «ራሱን አጠፋ ብላችሁ ዝጉት» አሉ። ሐኪሙ በማጅራቱ ላይ ቁስል እንዳገኘ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባም ሕይወቱ እንዳለች ጽፏል። አዛዡ ለዚህም መልስ አላጡም፤ ሲገባ አንሸራትቶት ድንጋይ መታው አሉ። ሰበብ ደግሞ ሞልቷል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት አምሐ ጸሎትን ለጋብቻ ጠይቋት እንቢ ብላዋለች።

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ሸዋዬ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ የኖረች፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ናት። ተሠርቶና ተጠቅልሎ የሚቀርብላት ነገር አይጥማትም። ማንም ሰው ሲሞት ለፖሊስ ሥራ እንዲቀልለት አስቦ አይሞትም ትላለች። ወረቀቱን ሳትፈርም በጃኬቷ ኪስ አጥፋ ከተተችና ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

የአምሐ አባት ቄስ ፍቅረ ማርያም ከደቅ በጀልባ መጥተው ከአስከሬን ክፍሉ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም ሠዓሊዎች ነበሩ። ጥምጥማቸው ንጹሕ ነጭ ነው፤ ጥፍራቸው ሥር ግን የማይለቅ ቀይ ቀለም ገብቷል። ሸዋዬ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አሏት። «ወረቀቱ ላይ ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

«ገና አልጻፍሁም፣ አባ።»

«ራሱን አጠፋ ካልሽ ፍትሐት የለውም። ይህን ሥርዓት ለሰው ልጅ ስነግር ኖሬ ለራሴ ልጅ ሲሆን አልሽረውም። ከቅጥሩ ውጭ በእጄ እቀብረዋለሁ። ጀልባው ማክሰኞ ጠዋት ነው የሚነሣ። እስከዚያ ንገሪኝ።»

የተናገሩት ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነው። ሸዋዬ ብዙ የሚያለቅሱ አባቶች አይታለች፤ እንዲህ ሳያለቅስ አንጀቷን የበላው ግን አልነበረም። ሥዕሉን አይተውት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ፖሊሱ በስልኩ እንዳሳያቸው፣ አንድ ጊዜ አይተው ፊታቸውን እንደመለሱ ነገሯት። ከዚያ ሐዘናቸውን ትንሽ ለማስረሳት ብላ ስለ አምሐ ልጅነት ጠየቀች። ቀለም መበጥበጥ፣ ሸራ መለጠፍ፣ መስመር መጣል በሰባት ዓመቱ እንዳስጀመሩት አወሩላት።

«በእኛ ቤት ዓይን መጨረሻ ነው የሚሣል» አሉ። «ልብሱ፣ እጁ፣ ጫማው ሁሉ ካለቀ በኋላ። ዓይን ያወጣህለት ሥዕል ያይሃል፤ ሳትጨርሰው እንዲያይህ አታድርግ ይለኝ ነበር አባቴ። እኔም ለአምሐ ያንኑ አልሁት።»

«ኮምፒዩተር ላይስ?»

«እሱን ነገር አላውቀውም፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ ሸዋዬ ወደ ስቱዲዮው ሄዳ ሦስቱን ሰዎች በየተራ አነጋገረች። አቶ ምናሴ ኀምሳ ያለፋቸው፣ ሆዳቸው የገፋ፣ ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸው። ዓርብ ዕለት ሥራ አዘገየህ ብለው አምሐን እንደተቆጡት ራሳቸው ተናገሩ፤ ሲናገሩም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቅዳሜ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ዘንዘልማ በሚያሠሩት ቤት ከስድስት ግንበኞች ጋር ነበሩ። ስድስቱም በኋላ ይህንኑ መሰከሩ። ስለ ሠራተኞቻቸው ስትጠይቃቸው ደግሞ ከመሳቢያቸው አንድ የታተመ ደብዳቤ አወጡ።

«አሁን ዳኘውም ሊሄድብኝ ነው። አዲስ አበባ ትልቅ ድርጅት ቀጥሮታል፤ ስለ ጠባዩ ሊጠይቁኝ ይህን ለእኔ ላኩ። የላከላቸውን ሥዕሎች አይተው በጣም ወደዱት።»

ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ገጽ ላይ አሥራ ሁለት ትናንሽ ገጸ ባሕርያት ታትመዋል። ጉማሬ፣ ይብራ የሚባለው የውሃ ወፍ፣ ጥላ የያዘ ዲያቆን፣ ባጃጅ የሚነዳ ዝንጀሮ ይገኙባቸዋል። ሸዋዬ ስለ ሥዕል አታውቅም፤ ግን የሰውን ዓይን ማየት ልማዷ ነው። የሁሉም ዓይን ውስጥ ነጭ የብርሃን ነጥብ አለ፤ በሁለቱም ዓይኖች ነጥቡ ያለው በግራ በኩል ነው። ገጹን ይዛ ወጣች።

ዳኘው ቀጥሎ ገባ። የሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ ጢሙን በጥንቃቄ የተላጨ፣ ለመመለስ የማይቸኩል ወጣት ነው። ወላጆቹ ለሥራ ከአዲስ አበባ መጥተው እዚሁ የቀሩ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው።

«ቅዳሜ መቼ ወጣህ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ። ራሴን አሞኝ ነበር፤ ዓባይ ማዶ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። ከዚያ በኋላ እዚህ አልተመለስኩም።»

«አምሐ ከዚያ በኋላ ደውሎልህ ነበር?»

«አልደወለም። ስልኩ ከሐሙስ ጀምሮ ጥገና ቤት ነው።»

«የሱን ኮምፒዩተር ትነካለህ?»

«በፍጹም። ይቆጣ ነበር» አለ። «እኔ እንኳ ልቡ እንደተሰበረ አውቅ ነበር። ሥዕሉን ሳይ አልገረመኝም፤ እሱ ነገሩን ሁሉ በሥዕል ነበር የሚናገረው።»

ጸሎት መጨረሻ ገባች። ፊቷ በልቅሶ አብጧል። ከመቀመጧ በፊት «እኔ ነኝ የገደልሁት» አለች። ሸዋዬ አላቋረጠቻትም። እንቢ ያለችው ስለምትጠላው ሳይሆን ገና ስላልቆረጠች እንደሆነ፣ እሱም ነገሩን በጸጋ ተቀብሎ እንደበፊቱ ሲቀልድ እንደሰነበተ ነገረቻት። ቅዳሜም አብረው ሲሥቁ ነው የዋሉት። አሥር ሰዓት ላይ ካርቶን ሲቆርጥ ምላጩ የግራ አውራ ጣቱን ሸረፈው፤ እሷም ከሻሿ ጠርዝ ቀድዳ አሰረችለት። ከዚያ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ጥናት ሄዳ እስከ አንድ ሰዓት ከአርባ ሰዎች ጋር ቆየች።

«ሻሹ ምን ዓይነት ነው?»

ጸሎት ከቦርሳዋ አወጣችው። ቀይ ነው፤ አንዱ ጠርዙ ተተልትሏል። ሸዋዬ የሐኪሙን ወረቀት አየች። በግራ አውራ ጣት ላይ ትኩስ ቁርጥ አለ ይላል፤ ስለ ጨርቅ የሚል የለም። ውሃው ወስዶታል ማለት ነው።

«ነይ፣ ያንን ሥዕል አሳዪኝ» አለቻት።

ጸሎት ማየቱን ፈራች፤ ግን ከአምሐ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች። በስክሪኑ ቀኝ በኩል የቅርጾች ዝርዝር ወርዷል። እያንዳንዱ ክብ፣ እያንዳንዱ መስመር አንድ ተራ ይዟል። ሸዋዬ ምንነቱን ጠየቀች።

«እንደታጠፈ ልብስ ክምር ማለት ነው» አለች ጸሎት። «መጀመሪያ የሠሩት ከሥር ይሆናል፤ በኋላ የሠሩት ከላይ ይደረባል። ካላዘዋወሩት በቀር ተራው እንዳለ ይቀመጣል።»

«መጀመሪያ ሌላ የአምሐ ሥዕል ክፈቺና ከላይ ጀምረሽ አንድ አንዱን አንሺልኝ።»

ጸሎት ጉማሬውን ከፈተች። የመጀመሪያውን ስታነሣ አንድ ዓይን ጠፋ። ቀጥላ ስታነሣ ሌላው ጠፋ። ጉማሬው ኮፍያና ጫማውን እንዳደረገ ዓይን አልባ ሆኖ ቀረ። ይብራውም፣ ዲያቆኑም፣ ቀጥለው የከፈቷቸው የአምሐ ፋይሎች ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ጸሎት ሳታስበው ፈገግ አለች፤ አምሐ ገጸ ባሕርያቱን ግማሽ ቀን ዕውር አድርጎ ስለሚያውላቸው ሁልጊዜ ይሥቁበት እንደነበር ነገረቻት። ሸዋዬ ያቺን የደብዳቤ ገጽ አውጥታ አሳየቻት።

«እነዚህስ የማን ናቸው?»

«የአምሐ ናቸው። ሁሉም» አለች ጸሎት ግር ብሏት።

ከዚያ የስንብቱን ሥዕል ከፈቱ። ከላይ ሲነሣ መጀመሪያ ሞገዱ ሄደ። ከዚያ ከፍ ባለው አውራ ጣት ላይ ያለች ትንሽ ቀይ አራት ማዕዘን ጠፋች፤ እስካሁን ሁሉም የቀለም ጠብታ መስላው አልፏት ነበር። ጸሎት እጇን ወደ ሻሿ ሰደደች። ከዚያ እጁ፣ ሸሚዙ፣ እግሮቹ፣ ፀጉሩ፣ አፉ ሄዱ። በነጩ ስክሪን ላይ አንድ መላጣ ራስና ሁለት የተከፈቱ ዓይኖች ብቻ ቀሩ። የብርሃን ነጥባቸው አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ነው። ጸሎት ማውሱን ለቀቀችና ወደ ኋላዋ ሸሸች።

ሸዋዬ ፋይሉን በሁለት ፍላሽ አስቀዳች። ያን ቀን ሌላ ማንንም አልጠየቀችም፤ ቤቷ ሄዳ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። አውቃለች፤ ግን ማወቅና ማስያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበች። አቶ ምናሴ፣ ዳኘው፣ ጸሎት፣ በሩ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ መስቀላቸውን በጭናቸው ላይ ያደረጉ ቄስ ፍቅረ ማርያም ተቀመጡ። ሸዋዬ አንድ ጨዋታ የመሰለ ነገር ጠየቀች። እያንዳንዳቸው በኮምፒዩተሩ አንድ ቀላል ሰው ይሣሉ፤ አሁኑኑ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ። አቶ ምናሴ እሳቸው ክፍያ እንጂ ሥዕል እንደማያውቁ እየተነጫነጩ አንድ የተንጋደደ ክብ ሠርተው ተነሡ። ጸሎት ከልብሱ ጀመረች፤ ዓይኖቹን አንድ በአንድ በእጇ ሠራች። ዳኘው ተቀመጠ፤ ምን እንደሚፈለግ ለማወቅ የሸዋዬን ፊት ቢያይም ምንም አላነበበበትም። እጁ የለመደውን ሠራ። ራስ፣ ግራ ዓይን፣ ጥቁር፣ ነጭ ነጥብ፤ ከዚያ በአንድ ትእዛዝ ገልብጦ ቀኝ ዓይን አወጣ። አካሉን የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ደቂቃ ከሩብ ፈጀበት።

«ጎበዝ ነህ» አለችው ሸዋዬ። «ቁጭ በል።»

የስንብቱን ሥዕል ጸሎት ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አነሣችው። ቤቱ ውስጥ ማውሱ ብቻ ይሰማል። ሁለቱ ዓይኖች ብቻቸውን ሲቀሩ አቶ ምናሴ አማተቡ። ቄስ ፍቅረ ማርያም ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ስክሪኑ ቀረቡ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህ የአምሐ እጅ አይደለም» አሉ።

«አይደለም፣ አባ» አለች ሸዋዬ። «አምሐ በሦስት ዓመት ውስጥ የሣላቸውን አርባ ሦስት ፋይሎች ትናንት አንድ በአንድ አየን። በሁሉም ዓይን መጨረሻ ነው። በዚህ በአንዱ ብቻ ዓይን ቀድሟል።»

ዳኘው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሊሞት የወሰነ ሰው እንደ ልማዱ ላይሠራ ይችላል፣ ኢንስፔክተር።»

«ይችላል። እንግዲያው ጣቱን እንመልከት። የጣቱ ቀይ ጨርቅ የጸሎት ሻሽ ነው፤ የታሰረው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ። ሥዕሉ የተቀመጠው አሥራ አንድ ከሃያ ላይ። እሑድ አስከሬኑ ሲወጣ ጨርቁ አልነበረም። ስለዚህ ይህን የሣለ ሰው አምሐን ከአሥር ሰዓት በኋላ በዓይኑ አይቶታል። ጸሎት ሄዳ ነበር፤ አርባ ሰው ያውቃል። አቶ ምናሴ ዘንዘልማ ነበሩ፤ ስድስት ሰው ያውቃል። አንተ ስምንት ሰዓት ወጣሁ፣ አልተመለስኩም አልከኝ። አምሐ ስለ ጣቱ ደውሎ እንዳይነግርህ ደግሞ ስልኩ ጥገና ቤት ነው፤ ይህንንም የነገርከኝ አንተው ነህ።»

ሸዋዬ ዳኘው አሁን የሣለውን ሰው ከስንብቱ ሥዕል ጎን አስቀመጠችው። በሁለቱም ሥዕሎች የቀኙ ዓይን የግራው ግልባጭ ነው፤ የብርሃን ነጥቦቹ ጀርባ ለጀርባ ዞረዋል።

«እነዚህን አሥራ ሁለቱን አዲስ አበባ በስምህ ልከሃል። የእነሱ ነጥብ ወደ አንድ ወገን ያያል፤ የአምሐ ናቸው። ቅዳሜ ደረሰብህ፣ አይደል? ምን አለህ?»

ዳኘው ሲናገር ወለሉን እያየ ነበር።

«ደብዳቤውን ከአቶ ምናሴ ዘንድ አይቶት ኖሮ፣ እስከ ሰኞ እውነቱን ራስህ ጻፍላቸው አለኝ። አልተቆጣኝም። ይቅርታ ብለህ ጻፍ፣ እኔም አግዝሃለሁ አለኝ። ወደ ቤቴ ሄድኩና ልተኛ አልቻልኩም። ተመለስኩ። ጓሮ፣ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ውሃውን ያያል። ለመንኩት። ካልጻፍክ እኔ እጽፋለሁ አለ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም የመጣሁት፤ ጭንቅላቱ ድንጋዩን መታውና ውሃው ውስጥ ተደፋ።»

«ውሃው ከወገብህ አያልፍም» አለች ሸዋዬ። «ይንቀሳቀስ ነበር?»

ዳኘው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ትንሽ» አለ።

ጸሎት ተነሥታ ወጣች። በሩ አጠገብ ያሉት ፖሊሶች እንኳ አልያዟትም። ሸዋዬ የመጣላትን ስድብ ዋጠችው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ስትውጥ ኖራ ዛሬም አልለመደችውም። የሚሰናበት ሰው ለማስመሰል የጣት ቁስል ድረስ ተጨንቆ የሚሥል እጅ፣ አንድን ሰው ከውሃው ቀና ለማድረግ ግን አልተዘረጋም። ይህን አስባ ካቴናውን ራሷ አጠለቀችለት።

ማክሰኞ ጠዋት የሬሣ ሣጥኑ ጀልባው ላይ ተጭኖ ሲያበቃ ሸዋዬ ወረቀቱን ይዛ ወደ ወደቡ ወረደች። በሰው እጅ ተገደለ ይላል። ቄስ ፍቅረ ማርያም ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አጥፈው ከደረታቸው ከተቱት። ደቅ ላይ ካህናቱ እንደሚጠብቁ፣ ፍትሐቱን ራሳቸው እንደሚመሩ ነገሯት። አመሰገኗት። ጀልባው ላይ ለመውጣት እግራቸውን አንሥተው መልሰው አወረዱት።

«ልጄ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ቢያምን አይፈረድበትም» አሉ። «እኔ ግን ዓይን እንዴት እንደሚሣል ያስተማርሁት ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ አስተውዬ ባየው ኖሮ አውቀው ነበር። አላየሁትም። ራሱን ገደለ ሲሉኝ አመንሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ከደጃፉ ተቀምጬ አንዲት አቡነ ዘበሰማያት እንኳ አልደገምሁለትም። ከእናቱ ጉያ ወስጄ ያሳደግሁትን ልጅ፣ ካህን ነኝ ብዬ ያለ ጸሎት አስተኛሁት።»

ሸዋዬ ሥርዓትዎን ነው የጠበቁት ልትላቸው ፈልጋ ነበር፤ ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ እንደማይጠቅማቸው አወቀችና ተወችው። ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። ቄስ ፍቅረ ማርያም ወጡና ከሣጥኑ ጎን ከመቀመጫው ሳይሆን ከወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሞተሩ ተነሣ። በጩኸቱ ምክንያት የሚሉት አይሰማም፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ግን ይታያል። ጀልባው ወደ ሐይቁ መካከል ገብቶ ሰው ከሰው መለየት እስኪያቅት ድረስ ቆማ አየቻቸው፤ ያን ጊዜ ሁሉ አንድም ጊዜ አላረፉም።